ቀን ቢሮ፣ ማታ መድረክ

ባለፈው ሴሚስተር ለፊልም ታሪክ ኮርስ በ1944 የወጣውን «ጎይንግ ማይ ዌይ» አየን። የክፍሉ ልጆች ስለ ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ ሲያወሩ፣ የእኔ ዓይን አጠገቡ ካለው ነጭናጫ ሽማግሌ ቄስ ላይ አልነሣ አለ። ተዋናዩ ባሪ ፊትዝጄራልድ ይባላል፤ የደብሊን ልጅ ነው።

በዚያ በአንድ ሚና ለዋና ተዋናይነትም ለረዳት ተዋናይነትም ኦስካር ታጨ። የረዳቱን እሱ፣ የዋናውን ክሮስቢ ወሰዱ። አካዳሚው በኋላ ደንቡን ለወጠ። በጦርነቱ ምክንያት ሽልማቱ ከጀሶ ይሠራ ስለነበር፣ ሰውዬው ጎልፍ ሲለማመድ የኦስካሩን አንገት ቀነጠሰው! (ላይብረሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።)

እኔን የያዘኝ ግን የቀድሞ ታሪኩ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዊሊያም ሺልድስ ነው። ደብሊን ውስጥ ቀን የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ፣ ማታ የአቤይ ቲያትር ተዋናይ ነበር። የመድረክ ስም ያወጣው አለቆቹ እንዳያውቁበት ነው። ቢሮውን የለቀቀው በ1929፣ አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ሆሊውድ የደረሰውም ከዚያ ወዲያ ነው።

እኔም እማዬ ዘንድ የነርሲንግ ተማሪ ብቻ ነኝ። በቲያትር ክበባችን ወረቀት ላይ የምጽፈው የአያቴን ስም ነው፤ የእኛ ሰው ፌስቡክ ላይ ምን እንደማያይ ታውቃላችሁ። ባለፈው ወር ሦስት መስመር ብቻ ያላት ጯሂ ጎረቤት ሆንኩ። በማግስቱ እማዬ ደወለች።

«ምነው ድምፅሽ ዘጋ?»

«ጉንፋን ነው፣ እማዬ።»

«ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ» አለችኝ።

በኤፕሪል ሌላ ተውኔት አለን። አንድ ትኬት ላይ ስሟን ጽፌበታለሁ። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።