የማይታየው ምሰሶ
እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበብ የጻፉትን መጽሐፍ የሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም የማረሚያ ገጾች ሲመለከቱ፣ የቀመሮቹ መልክ ክፉኛ አሳዘናቸው። ኀዘናቸውንም ወደ ሥራ ለውጠው ቴክ የተሰኘውን የፊደል ለቀማ ፕሮግራም ወጠኑ።

በዚህ ፕሮግራም ከቀመር ሥር ቅንፍ አጋድሞ፣ ከቅንፉም በታች ማብራሪያ ማስፈር ይቻላል። ይሁን እንጂ አንደኛው የቀመር ክፍል ክፍልፋይ ይዞ ወደ ታች ሲወርድ ሌላው አጭር ሆኖ ከቀረ፣ ማብራሪያዎቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ የተማሪውም ዓይን ይደናቀፋል። መፍትሔው በአጭሩ ክፍል ውስጥ የረጅሙን ቁመትና ጥልቀት ብቻ የያዘ፣ ስፋትም ቀለምም የሌለው ምሰሶ ማቆም ነው። ያን ጊዜ ቅንፎቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ።

ምሰሶው በወረቀቱ ላይ አይታተምም። በቴአትር ቤትም መጋረጃ ሳቢውን ተመልካች አያየውም፤ ያለ እርሱ ግን ትርዒቱ አይሰምርም። ተማሪው ቀመሩን ተረድቶ ገጹን ሲገልጥ፣ የለቃሚው ድካም ዋጋውን አግኝቷል።