ሰንጠረዥ፦ ለመብላት ያልቸኮለ ያሸንፋል

ዛሬ ልጆቻችን ጦርነትን በስልክ ላይ ይጫወታሉ። ንጉሥ አለ፣ ምሽግ አለ፣ ተራውን ጠብቆ የሚዘምት ሠራዊት አለ። ብዙ ወላጆች ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ጉድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ንጉሥና እግረኛ፣ ፈረስና ዝሆን የሚሰለፉበት የጦርነት ጨዋታ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ስሙም ሰንጠረዥ ነው። የዛሬ ተማሪ ይህን ቃል ሲሰማ በደብተሩ ላይ በማስመሪያ የሚሠራው የቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ ይታወሰዋል።

እኔ በሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። ልጅነቴን በመድረሳና በመንግሥት ትምህርት ቤት ተካፍዬ ነው ያሳለፍኩት። ሰንጠረዥን ግን ያገኘሁት ከሁለቱም አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ያሳተሙትን ጥናት በማንበብ ነው። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደነበር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ይዘወተር እንደነበር የውጭ ሰዎች ጽፈዋል።

የመድረሳ ልጅ የሆነ ሰው የመጫወቻዎቹን ስም ሲሰማ ወዲያው ጆሮው ይነቃል። «ፊል» በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ ሱረቱል ፊልን የሐፈዘ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። «ፈረስ» በሁለቱም ቋንቋ ፈረስ ነው። «መደቅ» የሚባለው እግረኛ ከዐረቦቹ «በይደቅ» የመጣ ነው። «ፈርዝ» የንጉሡ አማካሪ ነው። «ደር» ደግሞ በዛሬው ቼዝ የማዕዘኑ ግንብ የሆነው ነው። የጨዋታው ስም ራሱ ከ«ሸጠረንጅ» ጋር አንድ ነው። ጨዋታው ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች፣ ከዚያም ወደ እኛ ተሻግሯል።

ባለፉት ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር በትርፍ ሰዓት ሰንጠረዥ መጫወት ጀምረናል። የጥንቱ ገበታ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ስምንት በስምንት የተከፈለ ነበር፤ እኛም ቀይ ጨርቅ ገዝተን በጥቁር ክር አሰመርነው። መጫወቻው እንደ ዳማ ጨዋታ የለስላሳ ቆርኪ ነው። የአንዱ ወገን ቆርኪ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ይቀመጣል፤ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍባቸዋል። ወጪው ከአንድ ደብተር ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሰንጠረዥ ከቼዝ የሚለይበትን አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ይኸውም ወረራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ ሳይጠባበቁ፣ የፈለጉትን ያህል ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህም የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ይቆያል። አንዱ አንድ ከበላ በኋላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። እንግዲህ ከልምድ ያገኘሁትን ምክር በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ በወረራ ጊዜ ዓይናችሁ በገዛ እጃችሁ ላይ አይሁን፤ በባላጋራችሁ እጅ ላይ ይሁን። ቸኩሎ ሠራዊቱን ደርድሮ የጨረሰ ሰው ዕቅዱን አስቀድሞ ገልጧል። እናንተ ከእርሱ ዘግይታችሁ ፈረሱ ወደሄደበት መከላከያ፣ ደሩ ወደተወው ጎን ማጥቂያ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፦ እግረኞቻችሁን አስተሳስሩ። መደቅ በአንድ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፤ የሚበላው ግን በሰያፍ ነው። ስለዚህ አንዱ መደቅ በሌላው ሰያፍ ከቆመ ጠባቂ አለው። ለብቻው የሮጠ መደቅ ግን ወደኋላ መመለስ አይችልምና የባላጋራ ምሳ ነው።

ሦስተኛ፦ የፊልን ነገር በቁጥር እወቁ። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ በመካከል ያለው አይከለክለውም። ነገር ግን ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ቁጠሯቸው! የባላጋራችሁ ሁለት ፊሎች በድምሩ የሚደርሱት 16 ቤት ላይ ነው። ንጉሣችሁንና ደራችሁን ከእነዚያ ቤቶች ካራቃችሁ ሁለቱ ዝሆኖች ምንም አያደርጓችሁም። ይህን ለተማሪዎቼ ካሳየኋቸው ወዲህ ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አራተኛ፦ ለመለዋወጥ ስትነሡ ዋጋ አውጡ። የባግዳድ ሊቃውንት የመጫወቻዎቹን ዋጋ በድርሃም ተምነው ነበር። ደር አንድ ድርሃም ቢያወጣ ፈረስ ሁለት ሦስተኛ፣ ፈርዝ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ፊል ሩብ ነው። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ኃያል አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ስለዚህ ለፈርዝ ብሎ ፈረሱን የሰጠ ከስሯል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው መብላት የእናንተ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ተራ የባላጋራችሁ መሆኑን አትርሱ። በበላችሁበት ቤት ላይ ስንት የእርሱ መጫወቻ ያነጣጥራል? ስንት የእናንተ ይጠብቃል? ይህን ሳይቆጥሩ መብላት ወረራውን ለባላጋራ ጥቅም መዝጋት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ስድስተኛ፦ ሁሉን አትብሉ። በሰንጠረዥ ደንብ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መውጫ አሳጥቶ ድል መንሣት አይፈቀድም። የባላጋራውን ሠራዊት አንድ ሳያስቀር የፈጀ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጣዋል። ደግሞም በደር ወይም በፈረስ መርታት ተራ ነገር ተደርጎ ሲታይ፣ በደካሞቹ በመደቆች ተባብሮ መርታት ከሁሉ የሚመሰገን ነበር።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የጅሩ ሰንጋ በአገሩ ሁሉ የታወቀው በአንድ ቀን ወፍሮ አይደለም። ገበሬው በሬውን ለወራት በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል፤ ዋጋ ቀረበለት ብሎ ሳይጠግብ የሸጠው ድካሙን አጣ ይባላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ቆርኪ ብቻ አይደለም። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በሒሳብ ብርቱ የሆነ የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ እናቱ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሰጠችውን ገንዘብ በስልክ በኳስ ውርርድ ጨርሶ ነበር። ከእኛ ጋር መጫወት ሲጀምር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው፤ ሁልጊዜም ይሸነፋል። አንድ ቀን «ለምን በላህ?» አልኩት። «ስላገኘሁ» አለኝ። ውርርዱም እንደዚሁ ነው፤ የተዘረጋለትን ስላገኘ ያነሣል፣ ከጀርባው ማን እንደሚጠብቅ ግን አይቆጥርም። ዛሬ ውርርዱን ፈጽሞ ትቷል ብዬ አልመሰክርም፤ የልብን የሚያውቅ አላህ ነው። ነገር ግን አሁን ከመብላቱ በፊት ጣቱን አንሥቶ ጠባቂዎቹን ሲቆጥር አየዋለሁ። እናቱም «መምህር፣ ይኸኛውስ ቁማር አይደለም ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነውና መልሱን ማለፍ አይገባም። ቁማር በቁርኣን የተከለከለ ነው፤ ገንዘብ የተያዘበት ሰንጠረዥም ያለ ክርክር ሐራም ነው። ገንዘብ በሌለበት ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ ከልክለውታል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ሶላትን እስካላሳለፈና መጥፎ ንግግር እስካላስከተለ ድረስ መክሩህ ነው የሚለው ነው። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ጀርባቸውን ለገበታው ሰጥተው ይጫወቱ እንደነበር ይወራል። በዐባሳዊው ኸሊፋ በሙክተፊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ902 እስከ 908፣ አቡበክር አስ-ሱሊ ማወርዲ የተባለውን የቤተ መንግሥት ተጫዋች አሸንፎ ስሙ የገነነ ሲሆን፣ ስለ ጨዋታውም መጽሐፍ ጽፏል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ለእናቲቱም የነገርኳት በአካባቢዋ ያሉትን ዓሊም እንድትጠይቅ፣ የሚሉትንም እንደምቀበል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሦስት ደንብ አለ፦ ሳንቲም አይያዝም፣ አዛን ሲሰማ ጨርቁ ይታጠፋል፣ የተሸነፈ አይሰደብም። አንዱን ያፈረሰ ለሳምንት ተመልካች ይሆናል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ በስልኩ ላይ የሚዋጋውን ጦርነት ለአንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ጨዋታው እንዲያስብ ይጠይቀዋል ወይስ እንዲከፍል ብቻ? ተሸንፎ ሲቆጣ መሣሪያ ግዛ ይለዋል ወይስ መልሶ እንዲቆጥር ጊዜ ይሰጠዋል? የሚያስከፍል ከሆነ ከመንጠቅ በፊት የሚተካ ነገር አዘጋጁ። ወጣቶችም ሆይ! የቀረበላችሁ ሁሉ የሚበላ አይምሰላችሁ። እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ማን እንደሚጠብቀው ቁጠሩ። አላህ ጊዜያችንንና ገንዘባችንን በሚጠቅመን ነገር ላይ የምናውል ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።