በሳምንት ስንት ቀን?

በወሎ ራሱን የሚያመው ሰው ሐኪም አያጣም። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ከቡና ጋር አጠጣችኝ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ጠበል በጄሪካን ይዘውልኝ መጡ። አጎቴ ዓይን ነው ብሎ ወዳጃ አስቀመጠ፤ ዱዓው ልቤን አሳረፈው፣ የእጣኑ ጭስ ግን በግራ ዓይኔ በኩል የሚወቅረኝን ነገር አባሰው። ክሊኒክ ስሄድ ደም ሰጥቼ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨርሼ ሕመሙ ሲመለስ «ሳይነስ ነው»፣ ቀጥሎ «መነጽር ያስፈልግሻል»። በአገራችን ትኩሳት የሌለው ሰው ስንቴ በታይፎይድ እንደሚታከም የሚቆጥር ቢገኝ ደስ ይለኛል።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው። በመካከሉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ጤነኛውን የሚያጥወለውለው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ሕመሙ ሊመጣ ሲል ያዛጋኛል፣ አንገቴ ይገተራል። ቀጥሎ ከፊቴ ባለው ሰነድ መሃል እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ ብርሃን ይንቦገቦጋል፤ ቁጥሮቹ ይጠፉብኛል። ከዚያ ግማሽ ራሴ በየልብ ምቴ ይመታል፣ ያስመልሰኛል። ይህ ማይግሬን የሚባለው ሕመም ነው፤ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ሒሳብ መዝጊያ ላይ 72 ሰዓት የሚሰጥ አለቃ ግን የለም።

ስለዚህ ፋርማሲ ደንበኛዬ ሆነ። መጀመሪያ ፓራሲታሞል፣ ቀጥሎ ዳይክሎፌናክ፣ በኋላ ሁለቱንም። ማዘዣ የጠየቀኝ አልነበረም። ቀስ በቀስ በወር ጥቂት ጊዜ ይመጣ የነበረው ሕመም የየዕለት ሆነ፤ ለሱብሒ ስነሳ ራሴ ከብዶ ይጠብቀኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ክኒን ከሌለ ሐረጎን መውረድ እፈራ ጀመር።

በመጨረሻ ደሴ ውስጥ አንድ አዛውንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ስለ ሕመሙ ጥቂት ጠይቀውኝ፣ «በሳምንት ስንት ቀን ክኒን ትውጫለሽ?» አሉ።

«የማልውጥበት ቀን የለም፣ ዶክተር።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት ሲወሰድ፣ ማይግሬን ያለበትን ሰው ራሱ መድኃኒቱ ያሳምመዋል አሉኝ። «አቁሚው። መጀመሪያ ይብስብሻል፣ ከዚያ ይለቅሻል። አብሽሪ።»

ይብሳል ያሉትን ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ይብሳል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ፈቃድ ወስጄ መስኮቱን በጋቢ ጋርጄ ተኛሁ። ያስመልሰኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም። እናቴ ራሴን በሻሽ ጠፍራ አስራ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሽታው እንዳይረብሸኝ ቡና እንዳይቆላ ከለከለች። በደሴ ቤት ቡና ሳይቆላ መዋል ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አንድ ሌሊት ተነስቼ ቁም ሣጥኑን፣ የቦርሳዬንና የኮቴን ኪስ በረበርኩ። ክኒኖቹን ቀድማኝ ከቤት አውጥታቸው ኖሯል። የማይባል ነገር ተናገርኳት፤ እሷ «ሰብር አድርጊ ልጄ» ከማለት በቀር አልመለሰችልኝም። ከሳምንት በላይ ቆይቶ አንድ ጠዋት ራሴ ሳይከብደኝ ነቃሁ። ደስታ አልተሰማኝም፤ ፈራሁ እንጂ፤ ተመልሶ ሲመጣ በምን እንደምመክተው አላውቅም ነበርና።

ሕመሙ እንዳይመጣ ለመከላከል ሐኪሙ ፕሮፕራኖሎል አስበው ነበር፤ በልጅነቴ አስም እንደነበረብኝ ስነግራቸው ሰረዙት። በምትኩ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ አዘዙልኝ። ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ ለድብርት የወጣ መድኃኒት ነው። የአክስቴ ልጅ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብባ «አእምሮዋን ታክማለች» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። አፌ ደረቀ፣ ጠዋት ያንገላጅጀኝ ጀመር፣ ወፈርኩ። ለውጡ እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ስለሚፈልግ ብዙ ሰው መሃል ላይ ይተወዋል። እኔን ያጸናኝ የሕመሜን ቀን የምጽፍበት ደብተር ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አምዱ ሲቀንስ አየሁት። ማታ የሚወሰድ መሆኑም ለረመዳን ተመቸኝ፤ ቡናዬን ወደ ሱሑር አዛወርኩ።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደርሶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ መድኃኒቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፋርማሲዎች ተዘጉ፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። ከተማው እስከተለቀቀበት እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ አንዷን ፍሬ ለሁለት እየከፈልኩ፣ በኋላም ያለ ምንም ቆየሁ። መብራት መጥፋቱ የተመቸው ለማይግሬኔ ብቻ ነበር። ሕመሙ ተመለሰ፤ የቁስለኛ ወሬ በሚሰማበት ሰሞን ራሴን አመመኝ ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ግን ያሳፍራል፤ ዝም አልኩ።

በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የገጠር ጥናት ማይግሬን ከመቶ 3 ሰው ላይ ተገኝቶ ነበር፤ እሳቸው የተሳተፉበት የእ.ኤ.አ. 2016ቱ የቤት ለቤት ጥናት ደግሞ 17.7 ከመቶ አለ። በሽታው በሃያ ዓመት እንዲህ የተባዛ አይመስለኝም፤ አጠያየቁ ሳይለወጥ አልቀረም። በሌላው ዓለም ተመራማሪዎች ሲጂአርፒ የተባለው ኬሚካል በሕመሙ ጊዜ ከነርቭ እንደሚለቀቅ ደርሰውበት፣ የእሱን ሥራ የሚያግደው ኤሬኑማብ የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ዋጋው ሲወጣ በዓመት 6,900 ዶላር። ለማይግሬን የሚታዘዘው ሱማትሪፕታን እንኳ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የገባው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ኮምቦልቻ ስጠይቅ «የለም» ተባልኩ። እኔን ያወጣኝ ግን የሐኪሙ ጥያቄና ርካሿ ክኒን ናት።

አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣ በጊዜ አንድ ኢቡፕሮፌን ወስጄ እተኛለሁ፣ ደብተሩ ላይም እመዘግባለሁ። መሥሪያ ቤት ራሱን ያመመው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። «ለራስ ምታት ምን ይሻላል?» ይሉኛል። «መጀመሪያ ንገሩኝ፤ በሳምንት ስንት ቀን ክኒን ትውጣላችሁ?» እላለሁ። አብዛኛው ይቆጣል። ባለፈው አንዲት ከስፌት ክፍል የመጣች ልጅ፣ «እኔ መድኃኒት ጠየቅሁሽ እንጂ ሒሳብ አልጠየቅሁሽም!» ብላኝ ሄደች። በማግስቱ ግን ጣቶቿን እየቆጠረች ተመለሰች።