ሆድ ያባውን

አማርኛችን ለሆድ የሰጠው ሥራ ብዙ ነው። እንጀራ የሚገባውም ምሥጢር የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ ቅር የተሰኘ ሆድ ይብሰዋል፤ የማይነገር ነገር የገጠመው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል። ለመሆኑ ሆድ የተሰጠውን ሁሉ ይፈጀዋልን?

እናቴ ስታርፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ የሚኖሩ ዘመዶች ወስደው አሳደጉኝ። ልብስም ትምህርትም አልጎደለብኝም። ምግብ ግን በቁጥር ነበር። የዳቦው ቁራጭ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ ሲጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቅጣቱ ዱላ አልነበረም። የቤቱ ልጆች ራት ሲበሉ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜ ማየት ነበር።

አድጌ የራሴን ደመወዝና የራሴን ጓዳ ካገኘሁ በኋላም ያ ቁጥር አልተወኝም። ሰው ፊት ጉርሻ ሲመጣልኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ጓዳ ገብቼ፣ ቆሜ፣ ጣዕሙን እንኳ ሳልለይ ሆዴን እስኪያመኝ እበላለሁ። ከዚያ ኀፍረት ይከተላል፤ በማግሥቱ ራሴን በረሃብ እቀጣለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቁርስና ምሳ ለምን እንደማልበላ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ስወፍር «ተመቸሽ»፣ ስከሳ «ምን ነካሽ?» ከሚል በቀር ነገሩን በሽታ ብሎ የጠረጠረ የለም። በሽታው ግን ስም አለው፤ ሐኪሞች ቡሊሚያ ይሉታል።

ከልጅነት ጋር ያለውን ዝምድና የተረዳሁት የአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ታሪክ ሳነብ ነው። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለማክሳት የሚሰጥ ሕክምና ይመሩ ነበር። ሕክምናውን አቋርጠው ከሚጠፉት ብዙዎቹ በሚገባ እየቀነሱ የነበሩት ሆነው መገኘታቸው ግራ አጋባቸው። ቀርበው ሲያነጋግሯቸው ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተደፈሩ ወይም ሌላ ግፍ የደረሰባቸው ነበሩ። ሐኪሙ እንደ ችግር ያዩት ውፍረት ለአንዳንዶቹ ከሰው ዓይን መከለያ ነበር። ምግቡም ጭንቀትን ለጥቂት ሰዓት የሚያስታግስ መድኃኒታቸው ነበር።

ፌሊቲ ከዶክተር ሮበርት አንዳና ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ከ9,500 በላይ ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው የጠየቀ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት ግፍ ወይም የቤት ውስጥ ችግር የደረሰባቸው ሰዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለመንፈስ ጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የተጋለጡበት መጠን ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለከባድ ውፍረት ከ1.4 እስከ 1.6 እጥፍ ነው። እንግዲህ የተጎዳ ልጅ ሁሉ በምግብ ይታመማል ማለት አይደለም፤ የታመመም ሁሉ የተጎዳ ነበር ማለት አይደለም። በዘር የሚወረሰውም ድርሻ አለው። ግን ልጅነቱን ሳይጠይቁ ሚዛኑን ብቻ ማየት በሽታውን በግማሽ ማከም ነው።

እኔን ያከመችኝ ሐኪም ሚዛን ላይ ከማውጣቷ በፊት «ልጅ ሳለሽ ምግብ የሚያቀርብልሽ ማን ነበር?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። መልሱን ተናግሬ እስክጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ተቀምጬና ከሰው ጋር መብላትን እንደ ሕፃን ተማርኩ። ፈጥኖ አልተሳካልኝም፤ ዛሬም የሚከብዱኝ ቀኖች አሉ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶች። የእኔን ያወጣው ግን ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል የዘመድ ልጅ የሚያሳድግ ካለ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያ ልጅ ዳቦ ደብቆ ብታገኙት ሌባ አትበሉት። አስቀምጣችሁ አብሉት፤ ከዚያም ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት።