የሌሊት ሻሽ

ፈተና በተቃረበበት ሰሞን ስለ ጠጉር መጻፍ ሥራ የመፍታት ምልክት ነው የሚሉ ወንድሞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ቢሉንም አንቀየማቸውም። ዳሩ ግን ከነርሱም መካከል ድሬዱን በእኅቱ ሻሽ ጠቅልሎ የሚተኛ፣ ጧት ደግሞ ሻሹን ማንም ሳያይበት ከትራሱ ሥር የሚሸሽግ መኖሩን ደርሰንበታል። ደግሞስ ጠጉር ይህን ያህል ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ዘለላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን ወደ አገሩ ሲመለስ ያ ሁሉ ሰው በክብር ባልተቀበለው ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው ብለን ጀመርነው።

እኛ በአንድ ክፍል የምናድር አራት ሴቶች ተማሪዎች ነን። አንደኛዋ ከደሴ፣ አንደኛዋ ከጅማ፣ አንደኛዋ ከሐዋሳ፣ አንደኛዋ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነን። በመጀመሪያው ዓመት መግቢያ የሚያመሳስለን ነገር ቢኖር እንቅልፍ መውደዳችን ብቻ ነበር፤ አተኛኘታችን ግን ለየቅል ነበር። የአዲስ አበባዋ ጠጉሯን በፔስትራ አስተኝታ ስለምትውል፣ ማታ ማታ በራሷ ዙሪያ እንደ ቄስ ጥምጥም አዙራ ታስረዋለች። የሐዋሳዋ እንደ ደከማት ወድቃ ታድርና ጧት ጠጉሯ ባንድ ወገን ተድጦ፣ በሌላው ወገን እንደ ጃርት ቆሞ ይገኛል። የጅማዋ በነጠላዋ ጫፍ ትሸፈናለች፤ ነጠላው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እግሯ ሥር ነው። የደሴዋ ሹሩባ ነበራት።

ይህን ሹሩባ እናቷ ናቸው የሠሩላት። ወደ ዩኒቨርስቲ ልትመጣ በዋዜማው ከጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው፣ ከምሳ በኋላ ጀምረው መብራት እስኪበራ ድረስ፣ ቀጭን ቀጭኑን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አውርደው፣ ለጋ ቅቤ አስነክተው ጨረሱት። ሲጨርሱም አንድ ስስ የጥጥ ሻሽ ሰጥተው «ይህን ሳታስሪ እንዳትተኚ» ብለው አዘዙ። እርስዋም ትእዛዙን እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ገና መብራት ሳይጠፋ ሻሹን አጥብቃ፣ ጆሮዋን ሸፍና፣ ቋጠሮውን ወደ ግንባሯ መልሳ ስትተኛ እያየን «እማሆይ» የሚል ስም አወጣንላት። ስሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ በመላው ፎቅ ታወቀ።

አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ መብራቱ ድንገት በራ። ሻሹ በእንቅልፏ ወልቆ ጠፍቶባት ኖሮ አልጋዋን እያገላበጠች ትፈልጋለች። በማግሥቱ ፈተና ስለ ነበረብን ተቈጣን። ክፉም ተናገርን፤ የተናገርነውን እዚህ አንደግመውም። እርስዋም ሻሹን ከአልጋው ሥር አውጥታ እያሰረች «ይህ ከተፈታ እዚህ የሚሠራልኝ ማን አለኝ?» ብላ መብራቱን አጠፋች። ከዚያን ሌሊት ወዲያ እማሆይ ብሎ የጠራት ከመካከላችን የለም።

ጉዳዩን መመርመር የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። የጤና ትምህርት የምትማር አንዲት ጎረቤታችን እንደ ገለጸችልን፣ እያንዳንዱ የጠጉር ዘለላ እንደ ሣር ቤት ክዳን ተደራርበው በተነጠፉ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የክዳኑም አነጣጠፍ ከሥሩ ወደ ጫፉ ነው። ራስ በሸካራ ትራስ ላይ ሲንከባለል ቅርፊቱ ይነሣል፤ የተነሣው ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፤ የተያያዘው ይቋጠራል፤ የተቋጠረው ጧት በማበጠሪያ ሲጎተት ይበጠሳል። የእኛ ዓይነቱ የተጠቀለለ ጠጉር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በቀጥተኛ ጠጉር ላይ እንደ ልቡ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን በየመታጠፊያው ስለሚዘገይ ጫፉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የእናቶቻችን ቅቤ ይህን ጉድለት የሚሞላ ነው። ጥጥ ግን ጠጪ ነው። የተቀቡትን ቅቤ ሌሊቱን ሲጠጣ ያድርና ጧት ጠጉሩ ደርቆ፣ የትራሱ ልብስ ወዝቶ ይገኛል። (በትራስ ልብስ ምክንያት ከአንዲት የፎቅ ኀላፊ ጋር የተጨቃጨቅነውን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።)

እንግዲህ የደሴዋ እናት ሻሽ ትክክል ነበር፤ ግማሹን ትክክል ነበር ማለታችን ነው። ፍትጊያውን ይከላከላል፤ ቅቤውን ግን ራሱ ይጠጣል። አሁን በየሱቁ ቦኔት እየተባለ የሚሸጠው ክብ ቆብ ከሳቲን የሚሠራው ለዚህ ነው። ሳቲን የአሸማመን ስም እንጂ የክር ስም አይደለም። ክሩ ብዙ ክሮችን እየዘለለ ላይ ላዩን ስለሚያልፍ ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ጠጉርም ይንሸራተትበታል። ክሩ የሐር ትል የፈተለው ሐር ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከፋብሪካ የሚወጣ ፖሊስተር ነው። ሻጩ «ንጹሕ ሐር ነው» ብሎ ቢምል ዋጋውን ሰምታችሁ መፍረድ ትችላላችሁ። እኛ ዋጋውን ሰምተን ተመልሰናል።

በዚሁ ሰሞን ለአንድ የትምህርት ሥራ ወደ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄደን ነበር። ከዕቃዎቹ መካከል ከእንጨት የተፈለፈሉ ብርኩማዎች ስናይ የጅማዋ ጓደኛችን «ይኼማ የአያቴ ቦራቲ ነው!» ብላ ጮኸች። ከታች መቆሚያ፣ ከላይ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ማረፊያ ያለው የእንጨት ትራስ ነው። ራስ አያርፍበትም፤ የሚያርፍበት አንገት ነው፤ ጠጉሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ሱማሌው ባርኪን ይለዋል። ሐመሩ ቦርኮቶ የሚለው ደግሞ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መንተራሻ ሆኖ ከሰውየው እጅ አይለይም፤ በሸክላ አፈር ተለስኖ የተሠራው የጀግና ጠጉር እንዳይፈርስ የሚጠበቀው በርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው በቱታንክአሙን መቃብር ውስጥም፣ ከ3,300 ዓመት በፊት ከንጉሡ ጋር የተቀበሩ፣ ከዝሆን ጥርስና ከመስታወት የተሠሩ የዚሁ ዓይነት መንተራሻዎች ተገኝተዋል። ትራስ የሚለው ቃላችንም ከግእዙ ትርኣስ የመጣ፣ የራስ ዘመድ ነው። እኛ ግን ትራስ ሲባል ለስላሳ ነገር ብቻ ይመስለን ነበር።

የጅማዋ ልጅ ከዕረፍት ስትመለስ የአያቷን ቦራቲ በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ወዙ የጠገበ፣ ጥቁር፣ በአንድ ጎኑ ትንሽ የተሰነጠቀ ነው። በተራ ልንሞክረው ተስማማን። በመጀመሪያው ሌሊት ከአልጋ ላይ ወድቆ በሲሚንቶው ወለል ላይ ያሰማው ድምፅ ሌባ የገባ መስሎን አራታችንንም አስነሣን፤ የግድግዳው ጎረቤቶቻችንም ተነሥተው ነበር። በሁለተኛው ሌሊት የአዲስ አበባዋ ጠጉሯ ሳይነካ አደረ፤ አንገቷ ግን እስከ እሑድ ወደ ግራ አልዞረም። የሐዋሳዋ ጭራሽ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በእርግጥ አያቶቻችን በጀርባቸው ተኝተው ሳይገላበጡ ማደር የለመዱ ናቸው፤ እኛ እንደ ምጣድ ቆሎ የምንገላበጥ ሰዎች በአንድ ሳምንት ልንደርስባቸው አይቻልም። ቦራቲው አሁን መጻሕፍት ይደግፋል። ባለቤቲቱ ግን አንዳንድ ማታ አውርዳ በእጇ ስትደባብሰው እናያታለን።

አሁን ወደ ደሴዋ ሹሩባ እንመለስ። በ24ኛው ቀን ማሳከኩ ጸናባትና መፍታት ግድ ሆነ። እያንዳንዱን ጒንጉን ስትፈታ ከጠጉሩ ጋር ብዙ ዘለላ እየተነቀለ በእጇ ቀረ። ጭብጥ ሞላ፤ ሁለተኛም ሞላ። እርስዋም ደንግጣ አለቀሰች፤ እኛም አብረን ደነገጥን። በሽታ መሰለን። ያችው የጤና ተማሪ ጎረቤታችን ተጠርታ መጥታ ሳቀች። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ዘለላ ይረግፍለታል፤ ሹሩባ ውስጥ ያለ ግን ረግፎም መውደቂያ ስለሌለው እዚያው ታስሮ ይቈያል። 24 ቀን በ50 ቢባዛ 1,200፣ በ100 ቢባዛ 2,400 ነው። የተነቀለ የመሰለን ሁሉ ቀድሞውኑ የረገፈ፣ ሲፈታ አንድ ላይ የታየ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ልጅቱ ግን ሒሳቡ ከተነገራትም በኋላ ማልቀሷን አላቆመችም፤ እኛም ለጠጉሩ እንዳላለቀሰች ያን ጊዜ ገባን። ሻሹን አንሥታ አሸተተችው። ቅቤው ገና አልለቀቀውም ነበር።

በዚያው ማታ የሐዋሳዋ ልትክሳት ፈልጋ «እኔ እሠራልሻለሁ» አለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ይጎትታል። አምስት ሰዓት ላይ ሲያልቅ የደሴዋ ዐይኖች ወደ ጆሮዎቿ ተስበው ነበር። ቆንጆ ሆነሻል አልናት። ሻሿን አሰረች፤ ተኛች፤ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በየትኛውም ጎኗ ብትዞር ያማታል። በማግሥቱ በግንባሯ ዳርና በጆሮ ግንዷ ላይ ትናንሽ ሽፍታዎች ወጡ። እዚህ ላይ እናቶቻችንንም ቢሆን ሳንወቅስ አናልፍም፤ «ጠበቅ ካላለ አይቈይም» የሚሉት ነገር ጕዳት አለው። ዘወትር የሚጎተት ጠጉር ሥሩ ይታመማል። ቶሎ ከላሉት ያገግማል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን የሥሩ ጕድጓድ ጠባሳ ይዞ ጠጉሩ በዚያ ቦታ አይበቅልም። ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸ ስንት አክስቶች እንዳሉን ስንቈጥር እርስ በርሳችን ዝም ተባባልን። የሳቲን ሻሽ ይህን አያድነውም። የደሴዋም ሹሩባ በዚያው ቀን ተፈትቶ በነጋታው ላላ ተደርጎ ተሠራ። አሁን የሐዋሳዋ ስትሠራ ሁለታችን አጠገቧ ቁጭ ብለን «ላላ! ላላ!» እንላለን። እርጥብ ጠጉር አስሮ መተኛትንም ከልክለናል፤ ሲደርቅ የሚያመጣው ሽታ በአራት ሰው ክፍል ውስጥ የግል ጉዳይ አይደለም።

የሳቲኑ ነገር በመጨረሻ የተፈታው በአዲስ አበባዋ ነው። አባቷ የማይለብሱት አንድ አሮጌ ካፖርት ነበራቸው። ቅዳሜ ቤት ሄዳ ገበሩን ፈታ አመጣችው፤ ቡናማ፣ የሚያንሸራትት፣ በብብቱ አካባቢ ብቻ ያለቀ። በአራት ቈረጥነው፤ ጠርዙን በእጅ ዘመዘምነው። ሦስታችን እንዲሁ አሰርነው። የደሴዋ ግን የእናቷን ሻሽ መጣል ስላልፈለገች ሳቲኑን ከውስጥ አድርጋ ከሻሹ ጋር ሰፋችው። ጠጉሯን የሚነካው ገበሩ ነው፤ ከውጭ የሚታየው የእናቷ ሻሽ ነው። ከአራቱ ሁሉ ሳይወልቅ የሚያድር የርስዋ ብቻ መሆኑን ስናይ ሦስታችንም በየሻሻችን ላይ ጥጥ ደረብንበት።

ለፋሲካ ወደ ቤቷ ስትሄድ እናቷ ሻሹን ለማጠብ አንሥተው ገበሩን አዩ። በእጃቸው አሻሹት፤ በጕንጫቸው አስነኩት። ከዚያም ወደኛ አስደወሉ። አራታችንን በየስማችን ጠርተው ስለ ጤናችን ጠየቁ፤ ስለ ፈተና አልጠየቁም። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቼ፣ ከዚያ ከጨርቁ ለእኔስ የተረፈ የለም?» አሉ።

የተረፈ አልነበረም። የአዲስ አበባዋ አባት ሁለተኛ ካፖርት አላቸው፤ እርሱ ግን ገና ይለበሳል።