ከታራች ወንዝ ወዲህና ወዲያ

ብዙዎቻችሁ «ልብስ ተወደደ፣ ዕቃም ተወደደ፣ ምን ይሻለናል?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። እኛም መልሱን ቁጭ ብለን ከምንጽፍ በእግራችን ዞረን ብናየው ይሻላል ተባባልንና አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ሦስት ሆነን ከካኩማ 1 ተነሳን።

ካኩማን ለካኩማ ሰው መግለጽ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ነገር ግን ይህች ወረቀት በሰው እጅ ሌላ ካምፕ ድረስ ስለምትሄድ ጥቂት እንበል። ካምፑ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና ምድር፣ ከሎድዋር ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ ነው። መጀመሪያ የመጡት ከኢትዮጵያ ካምፖች ወጥተው ብዙ በእግራቸው የተንከራተቱት የሱዳን ልጆች ናቸው። የእኛም ሰዎች ደርግ ከወደቀ በኋላ በዚያው ዘመን ነው የገቡት። ሙቀቱን አናወራም፣ አቧራውንም እንደዚሁ።

የሐበሻ ሰፈር ስትገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው በሩ ነው። የ4 ሊትር የዘይት ቆርቆሮ ተቀዶ፣ ተዘርግቶ፣ በመዶሻ ተስተካክሎ፣ የአንዱ ጠርዝ ካንዱ ጋር ተነካክሶ በእንጨት ላይ ይመታል። አንዳንዱ በር ላይ የዩኤስኤይድ ማኅተም እስካሁን ይነበባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል፣ በሩ ግን ይከፈታል ይዘጋል። ድሮ ባዶ ቆርቆሮ እንደልብ ነበር፣ ዛሬ ያለው ሰው ይዞታል እንጂ አይጥለውም።

ቆርቆሮ የሚሠሩ አንድ አባት ጥላ ሥር አገኘን። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ሥራቸውን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል። እዚያ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ እዚህ ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ የቡና ማንከሽከሻ። «ዋናው ነገር ጠርዙ ነው» አሉን። ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ ካልደፈጠጡት የልጅ እጅ ይቆርጣል። ሌላም ነገር ነገሩን፦ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ እሳት ላይ አይጣድም፣ ጭሱ መርዝ ነው። የኬሚካል ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። እኛ የምንጨምረው፣ የዛገ ቆርቆሮ የቆረጠው ሰው ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ክሊኒክ ይሂድና ስለ ቲታነስ መርፌ ይጠይቅ።

ከዚያ ታራችን ተሻገርን። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውኃው ሲመጣ ግን ባንድ ጊዜ ነውና የሚመጣው፣ ሰማዩን ሳታዩ አትግቡ።

ወዲያ ማዶ ሴቶች ተሰብስበው ከማዳበሪያ ዘንቢል ይሰፋሉ። ይህ ሥራ የደራው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬንያ ከኦገስት 28 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ስለዚህ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ መያዣ ይፈልጋል። አንድ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ አንድ ትልቅ ዘንቢል ከነማንገቻው ይወጣዋል። አሠራሩን ጠይቀን እንዲህ አሉን፦ ማዳበሪያው ተራግፎ በሳሙና ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል (ፀሐይ ላይ ብዙ የቆየ ማዳበሪያ ይፈረፈራል)። ሲቆረጥ ክሩ እንዳይተረተር ጠርዙ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ማንገቻው ሦስት ድርብ ሆኖ እስከ ዘንቢሉ ወገብ ድረስ ወርዶ ይሰፋል። አፉ ላይ ብቻ የተሰፋ ማንገቻ አምስት ኪሎ ድንች አይችልም፣ ይገነጠላል።

ከመካከላቸው አንዲቱ ሰፌድ እየሰፋች ነበር። ስንደዶና አክርማ እዚህ ምድረ በዳ ከየት ይመጣል? እሷ ከቱርካና ሴቶች ዘንባባ ትገዛለች። የቱርካና ሴቶች ራሳቸው በዘንባባ ቅርጫት የታወቁ ናቸው። እሱን ውስጥ አድርጋ ከላይ ባለቀለም ማዳበሪያ በቀጭኑ ተርትራ በአለላ ፈንታ ትጠመጥማለች። እውነቱን ለመናገር እንደ አገር ቤቱ አያምርም፤ ቀለሙ ይጮኻል። ግን እንጀራ ይችላል፣ ውኃም አያበላሸውም። «ቱርካናዋ ጓደኛዬ ዘንባባውን አርጥቦ መስፋት አስተማረችኝ፣ እኔ ደግሞ ጥለት አሳየኋት» አለችን።

እግረ መንገዳችንን አንድ የማንወደውን ነገር አየን። በመድኃኒት የተነከረ የወባ አጎበር ተቆርጦ የእህል ማጥለያ ሆኗል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አጎበሩ ቢቀደድ በመርፌ ጥፉትና እንቅልፍ ላይ ተጠቀሙበት፣ ወደ ምግብ አታስጠጉት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያ ተመለስን። ሚቱምባ፣ እኛ ሰልባጅ የምንለው፣ ናይሮቢ ጊኮምባ በቦንዳ ወርዶ፣ ተመርጦ ተመርጦ የተረፈው ነው እዚህ የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ በጣም ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ እሱንም ለመግዛት የሚያመነታው በዝቷል። ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀረው የልብስ ገንዘብ ነውና።

በፔዳል መኪና የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀመጥን። የመጣላቸው ልብስ ሁሉ የሚያልቅበትን ቦታ ያውቁታል። ሱሪ ጉልበቱና መቀመጫው ያልቃል፣ የባቱ ጀርባ ግን ደህና ነው፤ ከአባት ሱሪ የትንሽ ልጅ ሱሪ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሸሚዝ ኮሌታው ይበላል። ኮሌታውን ከአንገቱ ፈትቶ፣ ገልብጦ፣ በዚያው ስፌት መመለስ ነው፤ የተበላው ወገን ከሥር ይሆናል፣ ማንም አያይም። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይህን የማያውቅ ወላጅ ካለ ይሂድና ይጠይቃቸው። ለልጅ ልብስ ስታሰፉም ቅምቅማቱን አራት ጣት አስተርፉ ይላሉ፤ ልጁ ሲያድግ እሱ ይፈታል።

እዚያው እያለን አንዲት እናት የታጠፈ ነጠላ ይዛ መጣች። ከአገር ስትወጣ ከያዘችው ሁሉ የቀረላት እሱ ብቻ ነው፤ የእናቷ ነበር። መሐሉ አልቆ እንደ ወንፊት ሆኗል። ልጇ በሚቀጥለው ወር ትዳራለች፣ ለልብስ የሚሆን ገንዘብ የለም።

«አባባ፣ ይጣፍልኝ» አለች።

ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ መጣፊያ የሚይዝ ጨርቅ የለውም። መርፌው ራሱ ይቀደዋል። ጥለቱ ግን ገና ነው፤ ፍቀጂልኝና ቆርጬ ለሙሽራዋ ቀሚስ ላድርገው።»

ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ነጠላውን ተቀብላ አጣጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው። «እናቴ ብትኖር ምን ትል ነበር?» አለች፣ ማንን እንደጠየቀች አናውቅም። ብዙ ከቆየች በኋላ «እሺ፣ ግን ሲቆርጡት አልይ» ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

እሳቸውም ቆረጡ። አቆራረጣቸውን ለእናንተ ብለን ተከታተልነው። መጀመሪያ ጥለቱን በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለም ቢለቅ አዲሱን ቀሚስ ያበላሻልና። አልለቀቀም። ቀጥሎ ጥለቱ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ሁለት ጣት ነጭ አስተርፈው ቆረጡ፤ ማጉ እንዳይተረተር የሚይዘው ያ ነጩ ነው። ከዚያ ከሥሩ ያልሳሳ የሸሚዝ ጨርቅ ገበር አደረጉና ሁለቱን ወገን ሰፉት። ከሰልባጅ የተገዛ ነጭ አንሶላ ቀሚሱ ሆነ፤ ጥለቱም ለታችኛው ዙሪያና ለደረቱ በቃ።

የቀረውን ነጭ «ልጣለው?» ቢሏት በጭራሽ አለች። እዚህ ላይ አንድ ሙያ ነገሩን። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ። ስለዚህ ሁለት እላቂ ነጠላ ያለው ሰው አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ፣ ቀዳዳው ቀዳዳ ላይ እንዳይገጥም አድርጎ፣ በአራት ጣት ርቀት በቁም ስፌት ቢያያይዘው የሕፃን ጋቢ ይወጣዋል። ሁለተኛ ነጠላ ጎረቤቷ እንዳላት ትዝ አላት። ልትጠይቃት ሄደች፣ ቀሚሱንም ማክሰኞ መጥታ ልትወስድ ተቀጣጠሩ።