የዜድ ድራይቭ ዘመን

ሥራ የጀመርኩበት የካርታ ቢሮ ፎቅና ምድሩ አይተዋወቁም ነበር። ፎቅ ላይ መሐንዲሶቹ ሶላሪስ የሚባል ዩኒክስ በጫኑ ከባድ የሰን ማሽኖች ይሠራሉ፤ ምድር ላይ ጸሐፊዎቹና ሂሳብ ክፍሎቹ ዊንዶውስ 98 ይዘዋል። የሚያገናኛቸው 1.44 ሜጋባይት የምትይዝ ፍሎፒና ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ የሚውለው ተላላኪ ነበሩ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ግን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የዩኒክስ ዘመድ የሆነውን ሊኑክስ ጫንንና ሳምባን፣ የዩኒክስን ፎልደር ለዊንዶውስ የሚያካፍለውን ፕሮግራም፣ አስነሳን። ሳምባን የጀመረው አንድሩ ትሪጅል ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1991 መጨረሻ፣ ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። በኔትወርኩ ላይ የሚመላለሰውን ጥያቄና መልስ ቁጭ ብሎ እየተመለከተ ነው ማሽኖቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ የደረሰበት። ይህን ያነበብኩ ዕለት የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ሳምባን ባስነሳን ማግስት ከጸሐፊዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ዜድ የሚል ድራይቭ ስክሪናቸው ላይ አዩ።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?»

«የሁላችንም ነው፣ እትዬ። ፎቅ ያሉትም ያዩታል።»

«የሁላችንም ከሆነ ማን ያጸዳዋል?»

ዲስኩ በሰርግ ፎቶና በመዝሙር ተሞልቶ ሲቆም ጥያቄያቸው ትዝ አለን። ዞሮ ዞሮ ያጸዱትም እሳቸው ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት እየዞሩ «ይህ የማን ነው? ይጥፋ ወይስ ይቆይ?» እያሉ።

ያሰለቸንም ያስተማረንም የኤክሴል ጉዳይ ነው። ኤክሴል የተስተካከለ ፋይል ሲያስቀምጥ በአሮጌው ላይ አይጽፍም፤ በጎን አዲስ ይፈጥርና አሮጌውን አጥፍቶ ስሙን ለአዲሱ ይሰጠዋል። ለዊንዶውስ ተጠቃሚው ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ለዩኒክስ ግን ፋይሉ ሌላ ሆኗል፤ ባለቤቱም መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው። ዩኒክስ ደግሞ የሚለየው ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌላው ሁሉ። ሳምባ ካልነገሩት በቀር አዲሱን ፋይል በ0744 ይፈጥረዋል፤ ባለቤቱ ይጽፋል፣ የቀረው ያነባል። እትዬ ጠዋት ያስተካከሉት ሠንጠረዥ ከሰዓት ሂሳብ ክፍል ሲከፈት «ለንባብ ብቻ» ይላል፤ ስልክ ይጮኻል፤ እኔ ደረጃ እወርዳለሁ።

መድኃኒቱ አጭር ነበር። ፎልደሩን 2775፣ ሳምባ ላይ የአዲስ ፋይሉን ፈቃድ፣ ቡድኑም እንዲጽፍ፣ 0664 ማድረግ። ትልቁን ሥራ የምትሠራው ከፊት ያለችው 2 ናት፤ ፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠር ማንኛውም ፋይል የፈጣሪውን ሳይሆን የፎልደሩን ቡድን እንዲይዝ ታደርጋለች። የዚያን ዕለት ስልኩ ዝም ሲል ተበላሽቶ ይሆን ብዬ አንስቼ አዳመጥኩት።

የፊደሉም ነገር ነበር። ዩኒክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለሚለይ መሐንዲሶቹ በአዋሽ ስም ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ አንዱ በትልቅ ፊደል የሚጀምር፣ ሌላው በትንሽ። ምድር ያሉት የትኛው እንደሚከፈትላቸው ዋስትና አልነበራቸውም።

ከሁሉ የከበደው ግን «ማን ያንብብ? ማን ይጻፍ?» የሚለው ነው። ሰርቨሩ መልስ ይፈልጋል፤ ቢሮው ደግሞ እስከዚያ ቀን ተነጋግሮበት አያውቅም። ወረቀት በነበረ ጊዜ ጉዳዩን መሳቢያና ቁልፍ ይጨርሱት ነበር። አሁን ግን ሹም ሁሉ ስለ ጎረቤቱ ክፍል ያለውን ጥርጣሬ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር፤ እኔ ገና ጀማሪ ልጅ!

የሂሳብ ሹሙ ስለ ፔሮሉ ሊያነጋግሩኝ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ፎልደሩን እሳቸውና ሥራ አስኪያጁ ብቻ እንዲያዩት አደረግኩላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ አስተዳዳሪ ስለሆንኩ ሁሉም ይከፈትልኛል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ፔሮሉ እኔው ዘንድ ይቆይ።»

ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። ልክ ነበሩ። ፋይሉ ዜድ ላይ የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም ራሳቸው በፓስወርድ ቆልፈውት። ፓስወርዱን ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን በጆሮ ነው የነገሩት።